አፍ አልባዋ ሉና

ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ በስፖንጅ ተለብጧል። ከጣሪያው በወረደ ቀጭን ክር ጫፍ ላይ፣ መዳፍ የምታክል፣ ሉና የተባለች አረንጓዴ የእሳት እራት ታስራ ክንፏን ታርገበግባለች። ከኋላ ክንፎቿ የተንጠለጠሉት ሁለት ረጃጅም ጭራዎች ክንፏ በተርገበገበ ቁጥር ይሽከረከራሉ። ይህን የሚያየው በኢንፍራሬድ የሚሠራ ፈጣን ካሜራ ብቻ ነው፤ አጠገቡ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ጩኸት የሚቀዳ ማይክሮፎን ተተክሏል። ከዚያ የሌሊት ወፍ ይለቀቃል።

የሌሊት ወፉ በዓይኑ አይፈልጋትም፤ ይጮኽባታል። ጩኸቱ ነክቷት ሲመለስ ምን ያህል እንደምትርቅ፣ ምን ያህል እንደምትተልቅ፣ ወዴት እንደምትሄድ ይረዳል። እየቀረበ ሲመጣ ጩኸቱ ይፈጥናል፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት አንዱን ድምፅ ከሌላው መለየት እስኪያቅት ይደራረባል። ይወረወራል። በኋላ እግሮቹ መካከል ያለውን ስስ ቆዳ ዘርግቶ ሊቀልባት ይሞክራል። ቀረጻው ቀስ ተደርጎ ሲታይ ግን የሌሊት ወፉ ያገኘው ገላዋን ሳይሆን የጭራዋን ጫፍ ነው። ጭራው ተቀንጥሶ ይቀራል፤ እሷ አሁንም ታርገበግባለች።

የቦይዚ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ጄሲ ባርበርና ባልደረቦቹ ይህን ሙከራ በ2015 አሳተሙት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሌሊት ወፎቹ ጭራቸው ሙሉ ከሆኑት ሉናዎች መያዝ የቻሉት 34.5 በመቶውን ነበር። ጭራቸው ከተቆረጠባቸው ግን 81 በመቶው ተያዙ። ጭራ ባላቸው ላይ ከተሰነዘረው ጥቃት ደግሞ 55 በመቶው ያነጣጠረው ጭራው ላይ ነበር።

ይህ ውጤት አንድ የቆየ ግምት አናጋ። እንዲህ ያለ ጭራ ያየ ሰው «ለጌጥ ነው፣ ተቃራኒ ፆታን ለመማረክ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ የወንድ ጣዎስን ላባ ስለምናውቅ የሉናም ምክንያት ያው ይመስለናል። ነገር ግን በሉና ዘንድ ወንዱም ሴቷም ጭራ አላቸው፤ የሚገናኙትም በጨለማ ነው። ጁልየት ሩቢን የተባለችው ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ይህንኑ ለይታ ፈተሸችው። በ2023 በወጡት ጥናቶች መሠረት ሴቷ ሉና ጭራ ያለውን ወንድ ከሌለው አታበላልጥም። በቀን የሚያድኑ ወፎችንም ጭራው ሲስባቸውም ሲያስታቸውም አልታየም። ጭራዋ የተቆረጠባት ሉና መብረር አያቅታትም። የቀረው ምክንያት እንግዲህ የሌሊት ወፉ ነው።

ብዙ የእሳት እራቶች ጆሮ አላቸው። የሌሊት ወፉን ጩኸት ሲሰሙ ክንፋቸውን አጥፈው ወደ መሬት ይወርዳሉ ወይም በድንገት ይታጠፋሉ፤ አንዳንዶቹ መልሰው ይጮኹበታል። ሉና ጆሮ የላትም። ሞት በላይዋ ሲያንዣብብ አታውቅም፤ ስለማታውቅም አትሸሽም። በምትኩ ሳያርፉ የሚሽከረከሩት የጭራዎቿ ጠምዛዛ ጫፎች የሌሊት ወፉን ጩኸት ተቀብለው የራሳቸውን የገደል ማሚቶ ይመልሳሉ። አዳኙ ያንን ተከትሎ ሲወረወር ከገላዋ ኋላ ያለውን ይመታል። በ2018 የወጣው ተከታይ ጥናት ጭራው በረዘመ መጠን የማምለጥ ዕድሉም እንደሚጨምር አሳይቷል። ሉና በምትገኝበት የእሳት እራት ቤተሰብ የዘር ሐረግ ውስጥ ረጅም ጭራ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ ነገር አይደለም፤ በተለያዩ ቅርንጫፎች ላይ ደጋግሞ ለየብቻው ብቅ ብሏል። እኛ ውበት ያልነው ነገር ለጆሮ የተሠራ ማታለያ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ሳምንት

ሉና የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ አጋማሽ ነዋሪ ናት። በካናዳ ከሳስካቹዋን እስከ ኖቫ ስኮሺያ፣ ወደ ደቡብ እስከ ቴክሳስና ፍሎሪዳ፣ ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ዛፎች ባሉበት ደን ትገኛለች። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። የለንደኑ መድኃኒት ቀማሚ ጄምስ ፔቲቨር በ1700 መዝግቧታል፤ ከሰሜን አሜሪካ ግዙፍ የእሳት እራቶች መካከል በነፍሳት መጻሕፍት ላይ ቀድማ የሰፈረችው እሷ ናት። ካርል ሊኒየስ በ1758 በሮማውያን የጨረቃ አምላክ ስም ሉና አላት፤ ስሙ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ቀረብ ብሎ ላያት አረንጓዴ ብቻ አይደለችም። ገላዋን ነጭ ጸጉር ሸፍኖታል። ከአንዱ የፊት ክንፍ ጫፍ ተነሥቶ፣ በትከሻዋ አልፎ፣ እስከ ሌላው ጫፍ የሚደርስ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጥለት አላት። እግሮቿ ወደ ሮዝ ያደላሉ። በአራቱም ክንፎቿ ላይ አንድ አንድ ዓይን መሰል ነጥብ አለ። በደቡቡ ክፍል በፀደይ መጀመሪያ የሚወጡት ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆነው የክንፋቸው የውጭ ጠርዝ ይቀላል፤ ሙቀቱ ሲበረታ የሚወጡት ግን ፈዛዛና ወደ ቢጫ ያደሉ ናቸው። ቀለሙ ብርሃን አይችልም፤ በሙዚየም ሣጥን ውስጥ እየቆየ ሲሄድ ይደበዝዛል። በመርፌ ተሰክታ ከመስታወት ሥር ያያት ሰው «ሉናን አየሁ» ቢለኝ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም።

ከሐር ጎጆዋ የምትወጣው ብዙውን ጊዜ ጠዋት ነው። ከመውጣቷ በፊት ከውስጥ የመፋቅ ድምፅ ይሰማል፤ በፊት ክንፎቿ ሥር ባሉ ሹል እሾሆች ሐሩን እየቀደደች ነው። ስትወጣ ለዓይን አትማርክም። ሆዷ ያበጠ፣ ክንፎቿም የተጨማደዱና የረጠቡ ናቸው። ፈጥና አንድ ነገር ላይ መውጣትና መንጠልጠል አለባት፤ ያን ካላገኘች ክንፎቿ እንደተጨማደዱ ይደርቁና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ከተንጠለጠለች በኋላ ከሆዷ ፈሳሽ እየገፋች ወደ ክንፎቿ ሥሮች ታሰርጋለች። በሃያ ደቂቃ ገደማ ክንፎቹ ሙሉ ስፋታቸውን ይይዛሉ፤ ለመብረር እስኪጠነክሩ ግን ሰዓታት ያስፈልጋሉ።

ከዚህ በኋላ ያላት ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አትበላም፣ አትጠጣም። አፍ የሚባለው ለስም ያህል የቀረ፣ የማይሠራ አካል ነው፤ ምግብ የምትፈጭበትም ነገር የላትም። የምትበረውም፣ የምትራባውም አባጨጓሬ ሳለች ባከማቸችው ስብ ነው። ስንቋ ሲያልቅ ዕድሜዋም ያልቃል። አዝነውላት በጠርሙስ ቆብ የስኳር ውሃ የሚያቀርቡላት ሰዎች አሉ፤ ደግነታቸው ይመሰገናል፣ ግን ከንቱ ድካም ነው።

ሴቷ በዚህች አጭር ጊዜ ባል ፍለጋ አትንከራተትም። ከወጣችበት ብዙም ሳትርቅ ትቀመጥና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆዷ ጫፍ ፌሮሞን የተባለውን ማማለያ ሽታ በነፋስ ላይ ትለቃለች። የሚለፋው ወንዱ ነው። የወንዱ አንቴናዎች ከሴቷ ይልቅ ሰፋ ያሉና ላባማ የሆኑት ለዚህ ነው፤ ከነፋሱ ውስጥ ጥቂት የሽታ ቅንጣት ለቅሞ፣ ነፋሱ ከመጣበት አቅጣጫ እየተከተለ፣ በጨለማው ደን ውስጥ ካለችበት ይደርሳል። ከተገናኙ እስከ ማግስቱ ምሽት ሳይላቀቁ ሊቆዩ ይችላሉ። ከዚያ ወንዱ ሌላ ሽታ ፍለጋ ይሄዳል። ሴቷ በቀሩላት ሌሊቶች እንቁላሎቿን በቅጠሎች ላይ ጥቂት ጥቂት እያደረገች ስትለጥፍ ታድራለች። ጠቅላላው ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ይደርሳል። አንድ ቦታ ከምራ አለመተዋ ብልህነት ነው፤ አንዱን ያገኘ ጠላት ሁሉንም አያገኝም።

የሚበላው ልጅ

ሰው ሉና ሲል የሚያስበው ክንፍ ያላትን ነው። እኔ ግን የዚህ ፍጥረት ትልቁ ሥራ የሚሠራው ማንም በማያየው ጊዜ፣ በአባጨጓሬነቱ ነው ባይ ነኝ። ክንፏ፣ ጭራዋ፣ እንቁላሏ፣ ያ ሁሉ ሌሊት የሚበረርበት ጉልበት የሚገኘው አባጨጓሬው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሚያላምጠው ቅጠል ነው።

አባጨጓሬው ቆዳውን እየጣለ በአምስት ደረጃ ያድጋል፤ በመጨረሻ ጣት የሚወፍር፣ እስከ 9 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ደማቅ አረንጓዴ ፍጥረት ይሆናል። ይህን የሚያክል ትል ዛፍ ላይ ሆኖ ከሥሩ ቆሞ መፈለግ ያደክማል፤ ቀለሙ ከቅጠሉ ቀለም ጋር አንድ ነው፣ ጎኑ ላይ ያለችው ቀጭን ቢጫ መስመርም የቅጠል ጅማት ትመስላለች። ጠላት ካገኘው ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። መንጋጋዎቹን እያፋተገ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ካልበቃ የበላውን መራራ ነገር ያስመልስበታል። የቅርብ ዘመዱ በሆነው ፖሊፌመስ አባጨጓሬ ላይ ይህ ድምፅ በጥናት ታይቷል፤ ጠቅታው ቀድሞ፣ ትውከቱ ይከተላል።

የሚበላው እንደ አካባቢው ይለያያል። በሰሜን ነጭ በርች ይመርጣል፤ ወደ ደቡብ ሲወርድ ሂኮሪ፣ ዎልነት፣ ስዊትገም፣ ፐርሲመንና ሱማክ ይበላል። ከእነዚህ ውስጥ ዎልነት ለየት ይላል። ዛፉ ጁግሎን የተባለ መርዝ ያመርታል፤ ብዙ ነፍሳትና በአጠገቡ የሚበቅሉ አንዳንድ ዕፅዋትም አይችሉትም። የሉና አባጨጓሬ ግን በአንጀቱ ውስጥ መርዙን የሚያመክኑ ኤንዛይሞች ስላሉት ዎልነት ላይ ተመችቶት ይፋፋል። ሌላው የሚሸሸው ማዕድ ለእሱ ብቻውን የሚቀርብበት ገበታ ሆነለት።

ጊዜው ሲደርስ አባጨጓሬው መብላት ያቆማል። ሆዱን ባዶ ያደርጋል፤ አረንጓዴው ገላውም ወደ ቀላ ያለ ወርቅማ ቀለም ይለወጣል። ከዚያ ቅጠል በላዩ ላይ ጠቅልሎ በስስ ሐር ይሰፋዋል፣ ውስጡ ሆኖም ፒዩፓ ወደሚባለው ደረጃ ያልፋል። ይህ ፒዩፓ ዝም ብሎ የሚተኛ አይደለም፤ ቢነኩት በጎጆው ውስጥ ይወራጫል፣ መንኳኳቱም ከውጭ ይሰማል። እንደ ሴክሮፒያ ያሉት ዘመዶቹ ጎጆአቸውን ከቅርንጫፍ ጋር አጥብቀው ያስራሉ። የሉና ጎጆ ግን ቅጠሉ ሲረግፍ አብሮ ይወርድና መሬት ላይ ከወደቀው ቅጠል ጋር ይቀላቀላል። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቀኑ ገና ረጅም ከሆነ ፒዩፓው በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ቀኑ እያጠረ ከሄደ ግን ክረምት መምጣቱን ያውቃል፤ ዕድገቱን ገትቶ በበረዶው ሥር ወራትን ያሳልፋል። ስለዚህ በካናዳ በዓመት አንድ ትውልድ፣ በመካከለኛው ክፍል ሁለት፣ በሉዊዚያና ሦስት ትውልድ ይወጣል።

የሉና ሐር ለሸማኔ አይሆንም፤ ስስና ጥቂት ነው። ቤተሰቧ ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ በጉሎ ቅጠል የሚረባው የኤሪ የሐር ትል የሉና ሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ሳተርኒዴ በሚባለው የግዙፍ እሳት እራቶች ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። የኤሪ ጎጆ አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ ሐሩ እንደ ሌላው ሐር በአንድ ረጅም ክር አይመዘዝም፤ እንደ ጥጥ ተባዝቶ ይፈተላል። እንዝርት ለሚያውቅ አገር ይህ ጉድለት ሳይሆን ምርቃት ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ትሉን ሲያላምድ ቆይቷል፤ ከዚሁ ሐር የተሠራ የአንገት ልብስም በአዲስ አበባ ይሸጣል።

ከሜድፎርድ የተነሣው ጣጣ

የዚህን ቤተሰብ ሐር ለገንዘብ ማዋል ከኤሪ ውጭም ተሞክሯል፤ አንዱ ሙከራ ግን መዘዙ እስከ ዛሬ አልበረደም። ኤቲየን ሊዮፖልድ ትሩቭሎ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነበር። ሉዊ ናፖሊዮን በ1851 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣኑን ሲያደላድል አገሩን ጥሎ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ከቦስተን ወጣ ብላ በምትገኘው ሜድፎርድ ቤተሰቡን ይዞ ተቀመጠ። ትርፍ ጊዜውን የወሰደበት ሐር ነው። የአሜሪካን አገር በቀል እሳት እራቶች አንድ በአንድ ሞክሮ ፖሊፌመስን መረጠ። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጫካ በመረብ ሸፍኖ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ አባጨጓሬዎች ያረባ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ወፎች መረቡን እየበሱ እየገቡ ሲበሉበት ደግሞ ሲያባርር ይውል ነበር።

በ1860ዎቹ መጨረሻ ላይ ከአውሮፓ የሌላ እሳት እራት እንቁላል አመጣ። ለምን እንዳመጣው ብዙ ተብሏል፤ የታወቀው ግን ከእጁ ማምለጡ ነው። ያመለጠችው ያኔ ጂፕሲ፣ ዛሬ ስፖንጂ የምትባለው የእሳት እራት ናት። ትሩቭሎ አደጋው ገብቶት ለአካባቢው የነፍሳት አዋቂዎች ነገራቸው ይባላል፤ ማንም ነገሬ አላለውም። እሱም ነፍሳትን ተወና ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረ። በ1872 በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ተቀጥሮ ጨረቃን፣ ሳተርንን፣ ጁፒተርንና የሰሜን ብርሃንን በሚያስደንቅ ጥራት ሣለ፤ ሥዕሎቹ በ1882 ታትመው ወጡ። በዚያው ዓመት ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ጨረቃ ላይ በስሙ የተሰየመ ጉድጓድ አለ። በጨረቃ ስም የተጠራችውን ፍጥረት ዘመዶች ለመከራ የዳረገው ሰው ስሙ ጨረቃ ላይ መቀመጡን ሳስብ ፈገግ እላለሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።

በሜድፎርድ የጂፕሲ ወረርሽኝ የፈነዳው በ1889 ነው። አባጨጓሬዎቹ ዛፎቹን ራቁት አስቀሩ፤ ሲርባቸው በአጥርና በግድግዳ ላይ ወጡ፣ ቤት ገቡ፣ ሰዎች ከበር ላይ በመጥረጊያ ይጠርጓቸው ጀመር። የማሳቹሴትስ ግዛት በመርዝ ርጭትም፣ እንቁላል በማቃጠልም ሞከረ። አልሆነም። ስለዚህ በ1906 የጂፕሲን ጠላት ከአውሮፓ አመጡ፤ ኮምፕሲሉራ ኮንሲናታ የተባለች ዝንብ።

የዝንቧ አሠራር አሰቃቂ ነው። አባጨጓሬውን ትወጋና ሕያው ትል በቆዳው ሥር ታስቀምጣለች፤ ትሉ ከውስጥ እየበላ ያድጋል፣ ሲጨርስ አባጨጓሬውን ገድሎ ይወጣል። ችግሩ ያለው በሂሳቡ ላይ ነው። ጂፕሲ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የምትፈለፈለው፤ አባጨጓሬዋ የሚገኘው በፀደይ መጨረሻና በበጋ መግቢያ ነው። ዝንቧ ግን በአንድ ወቅት ሦስትና አራት ትውልድ ታወጣለች። የጂፕሲ አባጨጓሬ ሲያልቅ የዝንቧ ልጆችና የልጅ ልጆች ምን ይብሉ? ያገኙትን። ከ180 በላይ ዓይነት ነፍሳትን እንደምታጠቃ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለችውን ዝንብ በተለያዩ ቦታዎች መልቀቅ እስከ 1986 ድረስ ቀጠለ።

ጆርጅ ቤትነር፣ ጆሴፍ ኤልኪንተንና ሲንቲያ ቤትነር በ2000 ያሳተሙት ጥናት ጉዳቱን በቁጥር አስቀመጠው። በማሳቹሴትስ 500 የሴክሮፒያ አባጨጓሬዎችን ዛፍ ላይ አስቀመጡ፤ አንዱም ከአምስተኛው ደረጃ አላለፈም። ለየብቻ በተደረገው ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ከሞቱት ውስጥ 81 በመቶውን የገደለችው ያቺው ዝንብ ነበረች። ለመቶ ዓመት ገደማ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ግዙፎቹ እሳት እራቶች እየተመናመኑ መሄዳቸውን ሰው ሲናገር ኖሯል፤ ምክንያቱ ከየት እንደመጣ አሁን አንድ ጠንካራ ፍንጭ ተገኘ። ጂፕሲን በኋላ በብዛት የፈጃት ደግሞ ዝንቧ ሳትሆን ከ1989 ጀምሮ የተስፋፋ ፈንገስ ነው። መድኃኒቱ በሽተኛውን ሳያድን ጎረቤቱን ገደለ ማለት ይህ ነው።

ሉናም አልቀረላትም። በ2003 የወጣ የቨርጂኒያ ጥናት ይህችው ዝንብ በሉና አባጨጓሬዎች ውስጥ መግባቷን አረጋግጧል። ጥናቱ ግን ሌላም ነገር አገኘ፤ ዝንቧን ራሷን የሚበላ ተርብ። ይህ አገር በቀል ተርብ የሚኖርበት መንገድ ለማመን ይከብዳል። ደቃቅ እንቁላሎቹን ቅጠል ላይ ይጥላል፤ አባጨጓሬው ቅጠሉን ሲበላ አብሮ ይውጣቸዋል። አባጨጓሬው ሆድ ውስጥ የዝንብ ትል ካለ፣ ከእንቁላሉ የወጣው የተርብ ልጅ ትሉ ውስጥ ገብቶ ይበላዋል። ለዚያ አባጨጓሬ የሚጠቅመው ነገር የለም፣ ሞቷል። ከአንድ ሞት የሚወጡት የዝንቦች ቁጥር ግን ይቀንሳል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሉናዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የበረንዳው መብራት

በአሜሪካ ሉና ታዋቂ ናት። በ1987 ፖስታ ቤቱ ቴምብር አውጥቶላታል። ሉኔስታ የተባለው የእንቅልፍ ክኒን በቴሌቪዥን ሲተዋወቅ አረንጓዴ እሳት እራት መኝታ ቤት ውስጥ ስትበር ያየም ብዙ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ የምታድር ፍጥረት እንቅልፍ መሸጫ መሆኗ የማስታወቂያ ሰዎች ድፍረት ነው። በፌዴራል መንግሥቱ የመጥፋት አደጋ ዝርዝር ውስጥ የለችም። በብዙ ቦታ ዛሬም ደኅና ናት፤ ይህን ሳልናገር ሥጋት ብቻ ብደረድር አንባቢን ማሳሳት ይሆናል።

አብዛኛው ሰው የሚያገኛት መብራት ሥር ነው፤ በነዳጅ ማደያ፣ በሆቴል ግድግዳ፣ በቤት በረንዳ። ነፍሳት ለምን መብራት ላይ እንደሚሽከረከሩ ለረጅም ዘመን ብዙ መላ ምት ተሰጥቷል። በጃንዋሪ 2024 የኢምፔሪያል ኮሌጅ ለንደኑ ሳሙኤል ፋቢያንና ባልደረቦቹ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ያወጡት ማብራሪያ አሳማኝ ነው። ሌሊት የሚበሩ ነፍሳት ጀርባቸውን ብርሃን ወዳለበት ያዞራሉ። ለሚሊዮን ዓመታት በሌሊት ከሁሉ ደምቆ የሚታየው ሰማዩ ስለነበር ይህ ልማድ ሚዛናቸውን ይጠብቅላቸው ነበር፤ ጀርባ ወደ ሰማይ፣ ሆድ ወደ መሬት። መብራት አጠገብ ሲደርሱ ግን ጀርባቸውን ወደ አምፖሉ ያዞራሉ፣ ያዘነብላሉ፣ ይዞራሉ፣ መውጫው ይጠፋቸዋል። ወደ ብርሃኑ ተስበው ሳይሆን ላይና ታች ተምታቶባቸው ነው። ሉናን ይህ ከሌሎች ይበልጥ ይጎዳታል። ያላት ሰባት ሌሊት ገደማ ነው፤ አንዱን አምፖል ስትዞር ካደረች የሕይወቷ አንድ ሰባተኛ ሄደ፣ ሲነጋም ግድግዳው ላይ ለወፍ ቁርስ ትሆናለች።

ይህን የምጽፈው ሩቅ ላለ አንባቢ ብቻ አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአትላንታ፣ በሚኒያፖሊስ የሚኖረው ወገናችን የሚያድረው ሉና በምትኖርበት ምድር ላይ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የመጀመሪያዎቹ በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ፣ ሁለተኞቹ በጁላይ ገደማ ይወጣሉ። እንግዲህ ግቢ ያላችሁ፣ በእነዚያ ወራት የውጭውን መብራት ከመተኛታችሁ በፊት አጥፉት፤ ለደኅንነት ካስፈለገ ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራውን ግጠሙ። ጠዋት ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ብታገኟት አልታመመችም፣ እያረፈች ነው፤ ልጆች ክንፏን እንዳይነኩባት አድርጉ። መሬት ላይ ከወደቀች በወረቀት ወይም በቅጠል አንሥታችሁ ጥላ ያለው የዛፍ ግንድ ላይ አስቀምጧት። ዋናው ግን ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ነው፤ ያ ቀደም ሲል ልብ በሉልኝ ያልኩት ጎጆ ከረገፈው ቅጠል ጋር መሬት ላይ ተኝቷል። ቅጠሉን ሁሉ ጠርጋችሁ በከረጢት ለቆሻሻ መኪና አትስጡ። ከመንገዱና ከሣሩ ላይ አንሡ፤ ከዛፉ ሥር ያለውን ግን እስከሚቀጥለው ሜይ መጨረሻ ተዉት።